የአቤኔዘር ፍሬን

ምንተስኖት እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ከሳይክሉ ጋር ገደል ገብቶ ከሞተ በኋላ የጥገና ሱቁን ሚስቱ ወይንሸት ያዘችው። አብሮት ይወርድ የነበረው ጓደኛው አቤኔዘር ለቅሶው ላይ «ድንጋይ አዳልጦት ነው» አለ፤ ሳይክለኞቹ ሁሉ አመኑት። እሷ ግን ገፍቶታል ባይ ናት። ሁለቱ በሳይክል ክለባቸው ለነበረው አንድ ክፍት ቦታ ሲፎካከሩ ነበር፤ ቦታውን አሁን አቤኔዘር ይዞታል።

አንድ ቀን ጠዋት አቤኔዘር ሳይክሉን እየገፋ ሱቋ መጣ።

«ወይንዬ፣ ፍሬኑ አልይዝ ብሎኛል። ዛሬ እንጦጦ ልወጣ ነው።»

ይህችን ቀን ስትመኝ ነው የኖረችው። «ተቀመጥ፣ አሁን እሠራልሃለሁ» አለችው።

ጀርባዋን ሰጥታው የፊቱንም የኋላውንም የፍሬን ሽቦ የሚያስሩትን ብሎኖች አላላቻቸው። ቀስ ብለው ሲጨብጡት ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ ጠበቅ ሲያደርጉት ግን ሽቦው ያመልጣል። የባሏን ሬሳ ከገደሉ ሲያወጡት እያሰበች ነበር።

«ጨርሻለሁ» ብላ ሳይክሉን ሰጠችው።

አቤኔዘር ፍሬኑን ሞከረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዱን ብሎን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ብሎኑ ዞረ። ቀና ብሎ አያት።

«የገፋሁት እኔ ነኝ፣ ወይንዬ» አላት። «ድንጋይ አልነበረም።»

መፍቻ አልጠየቃትም። ብሎኑን እንደላላ ትቶ ሳይክሉ ላይ ወጣና ወደ እንጦጦ መንገድ ታጠፈ።

ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ እስኪርቅ አየችው። አልጠራችውም።