ስድስተኛው ትከሻ

የሃርቪ ሬሳ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ደርሷል። ሣጥን የሚሸከም ስድስት ሰው ነው፤ የቆሙት ግን አምስት ናቸው። አምስቱም ከሃርቪ ጋር ከሰል ሲቆፍሩ ያረጁ ናቸው።

ሬግ የሟች ታላቅ ወንድም ነው። ጫማውን ወልውሎ፣ ማልዶ መጥቶ አጥሩን ተደግፏል። የእናቱን ልጅ ተሸክሞ ካልቀበረ ምኑን ሰው ሆነ? ሲመጣ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ነበር። ሐዘን አፍ ይይዛል፤ ዝናቡም ያካፋል።

አንድ ጥቁር መኪና መጣና ጁሊያን ወረደ።

ጁሊያን የሀብታም ልጅ ነው። መንግሥት የከሰል ጉድጓዱን ሊዘጋ ሲል፣ መንደሩ ዓመት ሙሉ አድማ የመታ ጊዜ፣ ትምህርቱን ጥሎ ከለንደን መጣ። ለአድመኞቹ ድንች ላጠ፤ ሃርቪ ቤት መሬት ላይ ተኛ። «ጌታና ሎሌ ይቅር!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። አድማው ተሸነፈ፤ ጉድጓዱም ተዘጋ። ጁሊያን ሄደ፤ ውሎ አድሮ ሎርድ ተባለና በጌቶቹ ምክር ቤት ወንበር ተሰጠው።

በዚያ መንደር ለከሃዲ ምሕረት የለም። በሩ አይንኳኳም፤ ሰላምታው አይመለስም። ይህን አባት ለልጁ ያወርሳል።

ጁሊያን በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄዶ እጁን ዘረጋ። ይህን ጊዜ አምስቱ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጡ።

«ሬግ፣ እግዜር ያጽናህ።»

«እጅህን ሰብስብ፣ ጌትዬው! ጌታና ሎሌ ይቅር ብለህ፣ በሎሌው ትከሻ ተንጠላጥለህ ጌታ ሆንክ?»

«ልክ ነህ፤ አፍሬበታለሁ። ሃርቪን ግን እወደው ነበር።»

«ውሻህንም ትወዳለህ! ድንቹን ላጥክልንና ልጣጩን ለእኛ ትተህ፣ ድንቹን ይዘህ ሄድክ።»

«ልሸከመው ነበር የመጣሁት።»

«በዚህ ለስላሳ ትከሻ? ወንድሜ ሣጥን ስርማ አትገባም! ጀርባቸውን አየህ? ይህ መንደር አይረሳም።»

ጁሊያን አንገቱን ደፍቶ ወደ መኪናው ተመለሰ።

የሃርቪ ሚስት ዶሪን ከበሩ ወጣች። ሬግ ቆቡን አወለቀ፤ ኮሌታውን አቃንቶ ወደ ሣጥኑ አንድ እርምጃ ተራመደ። ዶሪን በአጠገቡ አልፋ የጁሊያንን እጅጌ ያዘች።

«የት ልትሄድ ነው? ሎርድ መሆንህን ሲነግሩት ሃርቪ ሰድቦህ አልጠገበም፤ አልዋሽህም። ስድስተኛው ግን አንተ ነህ። ሊሞት ሲል ያስማለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

‹አድማችንን ሰብሮ ጉድጓድ የወረደ ሣጥኔን እንዳይነካ፤ የእናቴ ልጅ ቢሆንም።›»