የሽቦ አዲስ ዘፈን

ሽቦ የሚሉት የሬጌ ዘፋኝ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ከሆነ ሦስት ወር አለፈው። ሐኪሙ ሹክሹክታም ከልክሎታል። ድምፁ ይመለስ አይመለስ ቁርጡን አልነገረውም።

ስሙ የወጣለት በድምፁ ቅጥነት ነው። ስልክ ሲያነሳ፣ እሜቴ፣ ባለቤትዎ የሉም ወይ የሚሉት ነበሩ። እሱም ይስቅ ነበር። በዚያው ድምፅ አሥራ አምስት ዓመት መድረክ ነቅንቋል።

አሁን ሰው ሲፈልግ ብርጭቆ በማንኪያ ይመታል። ሚስቱ ልጁን አዝላ ትመጣለች። ልጁ መታ መታ ካልተደረገ አይተኛም፤ እሱንም በሬጌ ምት። ጎረቤቶች የአባቱ ልጅ ይሉታል። ከሰዓት በኋላ እንዳዘለችው መድኃኒት ልታመጣ ትወጣለች። ስትመለስ ጉንፋን ይዞኛል እያለች ዝንጅብል ታፈላለች።

አንድ ማክሰኞ ሬዲዮው የሽቦን አዲስ ዘፈን አሰማ።

ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ድምፁ የራሱ ነው። ግጥሙም የራሱ፤ ደብተሩ ላይ ጽፎ ሳይዘፍነው የቀረ። ከከበሮው ሥር ለስለስ ያለ ዱብ ዱብ አለ፤ ከየትኛው መሣሪያ እንደሚወጣ ግን አላወቀውም።

ደብተሩን ያሳየው ለተቀባዩ ብቻ ነው። አሥር ዓመት ከኋላው ቆሞ አዝማች የተቀበለ፣ ሲቀልድ ድምፁን አስመስሎ ሰው የሚያስቅ ልጅ።

ተቀባዩ ሊጠይቀው ሲመጣ ሽቦ ወረቀት ሰጠው። «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ። ድምፄን መልስ» ይላል።

ተቀባዩ አንብቦ አቀረቀረ።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አቅም አለኝ? ስቱዲዮ ሄደው በዓይንዎ ይዩ።»

ሽቦ ሊጮህበት አፉን ከፈተ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሚስቱ በሻከረ ድምፅ፣ ተወው፣ ዋናው ስምህ አለመረሳቱ ነው አለችው። አዘነባት።

ሐሙስ ከሰዓት ብቻውን ስቱዲዮ ሄደ። በሩ ላይ ቀዩ መብራት በርቷል። ቀዩ ሲበራ ማንም አይገባም፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ አንድ ከበሮ መቺም አባሮበታል። ስለዚህ እንደ ተማሪ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ከውስጥ የገዛ ድምፁ ይዘፍናል። ሊያንኳኳ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

መብራቱ ጠፋ። ድምፅ ቀራጩ በሩን ከፍቶ ሲያየው ክው አለ።

ማይክሮፎኑ ፊት ሚስቱ፣ ያዘለችውን ልጅ በአንድ እጇ መታ መታ እያደረገች፣ የዝንጅብል ውሃዋን ትጠጣለች።