የአረቄ ቤቱ ተሳዳቢ

ብቸና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ፣ «የአራት ትውልድ አረቄ ቤት፤ ጎብኚ ይገባል» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ግቢ አለ። ባለቤቲቱ አየሁሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሞጣና ከሉማሜ የሚመጣውን እንግዳ ታስጎበኛለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ባንተአምላክ አይቀርም።

ባንተአምላክ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ እግሩን አነባብሮ ይቀመጥና አፉን ይከፍታል። ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም።

ያን ቅዳሜ የሞጣ መምህራን በሚኒባስ መጡ። አየሁሽ ድፍድፉ የሚፈላበትን ጋን አሳየቻቸው።

«ይህን ጋን ቅድመ አያቴ በጣሊያን ዘመን መሬት ቀብራ ነው ያተረፈችው።»

«በጣሊያን ዘመን!» አለ ባንተአምላክ እየሳቀ። «አምና ከገበያ በአህያ ጭነሽ ስታመጪው አይቼሻለሁ። ጥላሸት እንኳ በቅጡ አልያዘውም!»

መምህራኑ ጋኑን ጠጋ ብለው አዩት። እውነትም አዲስ ይመስላል። አየሁሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መቃው አለፈች። ተኑ በዚህ ወርዶ፣ ቀዝቅዞ አረቄ እንደሚሆን አስረዳች። ደጃዝማቹም ይህን ሳይቀምሱ ዘመቻ አይወጡም ነበር አለች።

«የትኛው ደጃዝማች? ስም የላቸውም? ታሪክሽም እንደ አረቄሽ ነው፤ ተን ብቻ!»

«ጌታው፣ በእንግዳ ፊት አታዋርደኝ።»

«ድሮስ መች ከፍ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ጎረቤቶች በአጥሩ በኩል ያልፋሉ። ይሰማሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። አንድም የተቆረቆረላት የለም።

የሚኒባሱ ሾፌር ሐብታሙ መቻል አቃተው። «ይህች ሴት ምን አደረገችህ?» ብሎ አንገትጌውን አንቆ አነሳው። እየገፋ ወስዶ ከበሩ ውጭ ጣለው። ባንተአምላክ በጎኑ ወደቀ፤ ክርኑ ተላጠ። አፉ ግን አልተዘጋም።

«ጠጡ! ውሸቷን ጠጡ!»

አየሁሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ምስራቅ የተባለችው መምህርት አቀፈቻት።

«አይዞዎት፣ እትዬ። እኛ አምነንዎታል።»

አመኗትም። ጋኑን ሲጠራጠሩ የነበሩት ሁሉ አፈሩ። ለመቅመስ ብቻ የመጡት ሁለት ሁለት ጠርሙስ ያዙ። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቀው ሐብታሙ እንኳ ለባለጌው ማብሸቂያ አራት ገዛ። ምስራቅ የዚህን ቤት ታሪክ ለተማሪዎቿ እንደምታስተምር ቃል ገባች። ሲወጡ መደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ አልቀረም።

ሚኒባሱ ከታጠፈ በኋላ አየሁሽ ለብ ያለ ውኃ ይዛ በጓሮ በር ወጣች። ባንተአምላክ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ክርኑን ያሻሻል።

«ና ግባ፣ ልጆችህ ምሳ ሳይበሉ እየጠበቁህ ነው» አለችው፤ «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እናቴንም ጨምረህ ስደብ፤ የሚመጡት የባንክ ሠራተኞች ናቸው፣ ቶሎ አይቆጡም።»