የወንፈል ቀን

በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ወጣ። ጤፉ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። ኅዳር ላይ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ልጆች አስፋልቱን በድንጋይ ዘጉ፤ ታኅሣሥ ላይ ወታደር ገባ። ከሰበታ እስከ ተፍኪ መኪና ጠፋ። ማክሰኞ ልጄ ዲሪርሳ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ድልድዩ ጋ በጥይት ተመታ። ሐሙስ አስከሬኑን ሰጡን።

ዛሬ ዓርብ ነው። ደቻሳ የልጄን መቃብር ይቆፍራል።

የእድሩ ሰዎች ትናንት ቆፍረውት ነበር፤ እንደ ለመዱት፣ በማንኛውም ሰው ልክ። ጠዋት አስከሬኑ የተለካበት ገመድ ሲዘረጋ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ተረፈ። ዶማ ሊያነሱ ሲሉ ከለከልኳቸው። "ደቻሳን ጥሩልኝ። የአንድ ቀን ሥራ አለበት" አልኩ።

ወንፈል ቀን በቀን ነው። ዛሬ የአንተን አርማለሁ፣ ነገ የእኔን ታርማለህ። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ሐምሌ የእናቱን ማሳ አብሬው ሳርም ዋልኩ። በማግስቱ የእኔ ተራ ነበር፤ እሱ ግን ጎህ ሳይቀድ ኳሱን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ቅርጫት ኳስ። ሰባት ክለብ ዞረ። አንዱ ሲፈርስ ወደ ሌላው፣ አንዱ ሲያሰናብተው ወደሚቀበለው። ብዙውን ጊዜ ተቀያሪ ሆኖ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ራሱ ነግሮኛል። አንድ ጊዜ ብር ይዞልኝ መጣ። ወንፈል በብር አይመለስም ብዬ ሰደድኩት።

ለለቅሶው ትናንት ከአዲስ አበባ በእግሩ ገብቷል፤ ጉልበቱ አብጧል። ዶማውን ባነሳ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል።

"ኦቦ ጉታ፣ ኧረ ስለ ማርያም" ይለኛል የእድሩ ዳኛ ወርቁ። "ሰውዬው አንካሳ ሆኗል። ይተዉት፣ እኛ ቶሎ እንጨርሰዋለን።"

"ቀኑ የአንተ አይደለም።"

ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ ጃራ፣ አካፋውን ተደግፎ ያያል። "ሰባት ክለብ ተቀምጦ ከርሞ ዛሬ ተቀይሮ ገባ" ይላል። ሁለት ሰው ይስቃል። ደቻሳ ቀና አይልም።

"በቃ፣ ተኛበት" እለዋለሁ።

"ምን አሉኝ ኦቦ?"

"በሰፈሩ የልጄ ቁመት ያለህ አንተ ብቻ ነህ። ተኛ።"

"ገመዱ አለ እኮ!" ይላል ወርቁ።

"ገመድ ሲጠየቅ አይመልስም።"

ደቻሳ ይተኛል። የታመመውን ጉልበት ካላጠፈ ጉድጓዱ አይበቃውም። ያጥፈዋል። አፈር ፊቱ ላይ ይረግፋል፤ አይጠርገውም።

"ልጄን ማክሰኞ ክለባችን ለሙከራ ና ያልከው አንተ ነህ" እለዋለሁ።

"እኔ ነኝ።"

"በስንት ሰዓት ነበር ሙከራው?"

ከላዩ ቆሜ እጠብቃለሁ።

"ሙከራ አልነበረም፣ ኦቦ። ኅዳር ላይ እኔንም አሰናብተውኛል። አፍሬ ነው። በየቀኑ እየደወለ መቼ ነው ይለኛል። መንገዱ ዝግ ነው፣ አይሄድም ብዬ ቀን ቆረጥኩለት።"

"እዚያ ቢደርስ ማን ይቀበለው ነበር?"

"ማንም።"

ወርቁ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያዞራል። ጃራ አካፋውን መሬት ላይ ያስቀምጣል።

"አልበቃም። ጨምር" እለዋለሁ።

ተነስቶ ይቆፍራል። ከጥቁሩ አፈር በታች ድንጋይ ነው። እጁ ይላጣል፤ ኳስ እንጂ ዶማ የለመደ እጅ አይደለም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገመዱን እዘረጋለሁ። ገባ። ደቻሳ ሊወጣ እጁን አፋፉ ላይ ያሳርፋል።

"ቆይ። ወንፈል የመጣ ሰው ሳይበላ አይሸኝም።"

ከጋቢዬ ሥር ጨርቁን አወጣለሁ። ከልጄ ቦርሳ ውስጥ፣ ከጫማው ጋር ያገኘሁት ነው። ማክሰኞ ጠዋት እናቱ ገለቴ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ቋጥራለት ነበር፤ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለደቻሳ።

ደቻሳ ጨርቁን ያውቀዋል። በእናቱም ቤት እንዲህ ነው የሚቋጠረው።

"አንዱ የአንተ ነው" እለዋለሁ። "አንዱ የእሱ ነው። ሁለቱንም ብላ።"

ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ይበላል። ዳቦው ደርቋል፣ ያንቀዋል። ጃራ ውኃ ሊያቀብለው ሲል አየዋለሁ፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። ደቻሳ የመጨረሻውን ፍርፋሪ ከተላጠ መዳፉ ላይ እስኪለቅም ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ባዶውን ጨርቅ ተቀብዬ አጥፈዋለሁ።

"ቀኑን መልሷል" እለዋለሁ ለወርቁ። "እጁን ይዘህ አውጣውና ልጄን አምጡልኝ።"