ካሴ አዲሱን ሙዚቃ የሰማ ዕለት

የእህል ነጋዴው ካሴ ደባርቅ ገበያ ላይ ሲከራከር ድምፁ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይሰማል። በዚያ ቅዳሜ ግን ድምፁ ጠፋ። እናቱ ወይዘሮ አመተ ማርያም ዳባት፣ ታናሽ ወንድሙ ቤት፣ ታመው ከተኙ ሰንብተዋል። ከዚያ የመጣ ሰው ሁሉ «ይሻላቸዋል» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ካሴ ሃምሳ ዓመት ቢጠጋውም የእናቱ ነገር አይሆንለትም፤ ስማቸው ሲነሳ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ከቀትር በኋላ ግራዝማች አለኸኝና መሪጌታ አይቸው ቤቱ መጡ። ሰፈሩ ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሲያዝን የሚያጽናኑ ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለቱም ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል፤ ሁለቱም አይስቁም። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ማታ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አንድ መምህር አዲስ ሙዚቃ ስለሚያሰማ አብረን እንሂድ አሉት።

ካሴ ደነገጠ። ግራዝማች ከፉከራ በቀር ዘፈን ወድደው አያውቁም። መሪጌታማ ከማኅሌት ውጭ ያለውን ሁሉ ጫጫታ ነው የሚሉት። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ምን አግኝቷቸው ነው ሙዚቃ ያማራቸው?

 ሚስቱ ድንቅነሽም ያለወትሮዋ ሳይበላ እንዳይወጣ ለመነችው፤ ደጋግማም አጎረሰችው። ልጁ የዓለምወርቅ እጁን ስታስታጥበው ቀና ብላ አላየችውም፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። ካሴ ማኘኩን ተወ። መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እንዲበላ ይደረጋል። እሱ ራሱ ስንቱን ጎረቤት አብልቶ አርድቷል።

እናቴ ሞታለች አለ በልቡ። ግን አልጠየቀም። አፍ አውጥተው እስካልነገሩት ድረስ እናቱ በሕይወት አለች፤ ስለዚህ ጋቢውን ደረበና ተከተላቸው።

አዳራሹ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ካሴን ከፊት መሀላቸው አስቀመጡት። ራሱን ስቶ ሲወድቅ ሊይዙት መሆኑ ገባው።

መምህር ሀብተ ሚካኤል ከረባት ያሰረ ቀጭን ወጣት ነው። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ቆሞ፣ ይህ የሙከራ ሙዚቃ እንደሆነ፣ ማሲንቆም ከበሮም እንደሌለው፣ ዜማውን አድማጩ በራሱ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት እንዳለበት አስረዳ። ከዚያ የላምባ ጣሳ ይደበድብ ጀመር። ቆርቆሮ አንቀጠቀጠ። ውሃ ከባልዲ ወደ ባልዲ ገለበጠ። አግዳሚ ወንበር ወለሉ ላይ እየጎተተ አዳራሹን ዞረ። ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ከፍቶ አንጫጫው። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ጠብ የተነሳ መስሎት ዱላውን ይዞ ገባ፤ ሰው ሁሉ ጨዋ ሆኖ መቀመጡን ሲያይ አፍሮ ተመለሰ።

ከዚያ መምህሩ እጁን አጣምሮ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ከኋላ አንድ የተማረ ሰው ይህም የሙዚቃው ክፍል ነው ብሎ ለጎረቤቱ አብራራ።

ሌላ ቀን ቢሆን ካሴ ጥሎ ይወጣ ነበር። ከዚህ ልጅ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖር ሰው ምን በድሎ ይሆን እያለ አዘነ።

ግራዝማች ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ወጣቱን እንዴት አየኸው አሉት። ሐሳቡን ሊያስቀይሱለት እንደሆነ ገባውና፣ ላለማሳፈር ያህል፣ ክንዱ ብርቱ ነው አለ። ግራዝማች ለመሪጌታ ጠቀሱ። ካሴ ጥቅሻውን አየ፤ አሁን ሊያረዱኝ ነው አለ በልቡ።

መሪጌታም በተራቸው ቀስ ብለው ያጽናኑት ጀመር። ከወላጅ መለየት ያለ ነው፤ ለሁሉም ጊዜ አለው፤ ቤት መጀመሪያ ቢጎድልም ኋላ ይለመዳል። ይህን እያሉ ትከሻውን ዳሰሱት። እዚያ ላይ ያ ጣሳ ዳግመኛ ተመታ፤ ካሴም ከዚያ በላይ አልቻለም። ብድግ አለ።

«በቃ ንገሩኝ። እናቴ መቼ ሞተች?»

 ተማሪዎቹ ይህም የሙዚቃው ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። መምህሩም ነገሩ ደስ ብሎት ጣሳውን አንዴ ደንግ አደረገው።

ግራዝማች ክው አሉ። «ምን ነካህ? መዳናቸውን የሰማህ መስሎኝ። ትናንት እኮ ከእሳቸው ዘንድ ነው የመጣሁት። ድነው ተነሥተው፣ ጠላው ቀጠነ ብለው ሲቆጡ ነው የተውኋቸው።»

ካሴ አለቀሰ። ከዚያ ሳቀ። የግራዝማችን ጉልበት ሳመ፤ የመሪጌታን መስቀል ተሳለመ፤ በአጠገቡ ያለፈውንም ፖሊስ ሳመ። ቀጥሎ በሰው ሁሉ ፊት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ሚካኤል ምስክሬ ነው። ዛሬ ከእኔ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። እንቢ ያልሁ እንደሁ ሰው አይበለኝ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ካሴ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠለት፤ ለካ ይህ ሁሉ መለማመጥ ዝናም ለሚያስገባው ለሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ መዋጮ ሊጠይቁት ኖሯል። ጣሪያውን በሙሉ ለመሸፈን በልቡ ወሰነ፤ ነፍሱም ቀለለችው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ፊቱ ቆሙ። ተቀመጡ ቢላቸው አልቀመጥ አሉ። ግራዝማች እጅ ነሡ።

«እንግዲያስ ልጅህን የዓለምወርቅን ለመምህር ሀብተ ሚካኤል ስጥልን።»