አሥራ አንደኛዋ ደረጃ

ሚሳኤል አሥራ አንደኛዋ ደረጃ ላይ ሲቆም ድንጋይዋ ከእግሩ ሥር ነቅነቅ አለች። ከነፋስ ስልክ ታክሲ አጥቶ በእግሩ ስለመጣ ጉልበቱ የከዳው መስሎት ነበር። ደግሞ ረገጣት፤ ደግማ ተነቃነቀች።

አዲሱ ደወል ቤት መሐሉ ላይ ምሰሶ የለውም። ሃያ አራቱ የድንጋይ ደረጃዎች ጭራቸውን ግድግዳው ነክሶ ይዞላቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጦ እየዞሩ ይወጣሉ። ግድግዳው አጥብቆ ያልያዘው ድንጋይ ይጠመዘዛል፤ አንዱ ከተጠመዘዘ ከበላዩ ያሉት ሁሉ ይከተሉታል። የቤተ ክርስቲያኑ አሠሪ ኮሚቴ መጀመሪያ ላይ መሐንዲስ ይጠራ ሲባል «ሥራን ለሠሪው» ብሎ ሳይጠራ ቆየና፣ ምረቃው ስድስት ቀን ሲቀረው መሐንዲሱን ሚሳኤልን ፈርምልን አለው። እንዲህ ያለው ጥሪ አንገሽግሾታል።

ግንበኛው አቶ ዋቅጅራ አልሸሸጉትም። ሌላው ድንጋይ ሁሉ አራት ጣትና አንድ ስንዝር ገብቷል፤ ይህቺ ግን አራት ጣት ብቻ። ድንጋዮቹን የሰፈሩ ሰዎች ለየሟቾቻቸው መታሰቢያ የሰጧቸው ናቸው። ይህቺ የወይዘሮ እማዋይሽ ልጅ የሄርሜላ ናት። ስሟን አባቷ ከመሞታቸው በፊት በገዛ እጃቸው ቀርጸውታል፤ ያውም ድንጋዩ ሰፋ በሚልበት በግድግዳው በኩል። በልኩ ይግባ ቢባል ስሙ ተውጦ ሊቀር ነው።

«እናቷ ፊቴ ቆመው እያለቀሱ እንዴት አድርጌ ልክተተው?» አሉ ዋቅጅራ። «ባላ ብናስደግፋትስ፣ ልጄ?»

ባላ የሰማንያ ስምንትን ክረምት ያሻግራል። ሚሳኤል ፈርሞ ቤቱ ገብቶ መተኛት ይችላል፤ ደክሞታል፣ ከልቡ ደክሞታል። ግን በየማለዳው ደወል ሊደውል የሚወጣው ዲያቆን በሐሳቡ መጣበት። አይሆንም አለ። ከላይ ያሉት አሥራ ሦስቱ ወርደው፣ ይህቺ ተጨማሪ አንድ ስንዝር መግባት አለባት። ምረቃውም ይቆይ።

ወይዘሮ እማዋይሽ ከደረጃው ግርጌ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ግድግዳውን እየተደገፉ ቀስ ብለው ወጡ። አውራ ጣታቸውን ግድግዳው ሥር ተክለው ስንዝራቸውን በስሙ ላይ ዘረጉ። ሄ፣ ር፣ ሜ ተሸፈኑ። ላ ብቻዋን ከትንሿ ጣታቸው ወዲህ ቀረች።

ሚሳኤል፣ ይሄ ይበቃል ሊል አፉን ከፈተ።

«የእኔ እጅ ትንሽ ነው» አሉ ወደ ግንበኛው ዞረው። «በእርስዎ ይለኩት።»