ስም የሌለው አምስት ዲግሪ

በ1964 ዓ.ም. በኮልፌው ሳሙና ፋብሪካ የውሃ ማቀዝቀዣ ማማ ሊሠራ ሲታሰብ፣ ስሌቱ አሥራ ሁለት ዓመት ለለፋው ለጀይሉ ሳይሆን ገና ትናንት ለተቀጠረው ለረሻድ ተሰጠ። ጀይሉ በቅናት እርር ድብን አለ።

ተደብቆ የረሻድን የስሌት ወረቀት ቢያየው ስህተት አገኘና ደስ አለው። ሦስቱ ማሽኖች ውሃውን ስንት ስንት ዲግሪ እንደሚያሞቁ ከተጻፈበት ሥር፣ ስም የሌለው አምስት ዲግሪ ተደምሯል።

እሁድ ማሽኖቹ ቆመው ሳሉ፣ ሊያጋልጠው ብሎ ፓምፑን ብቻ አስነሳ። በሃያ አራት ዲግሪ የገባው ውሃ በሃያ ዘጠኝ ወጣ። ግራ ገብቶት ከቧንቧው ራቅ ሲል የሙቀት መለኪያው መርፌ ሃያ አራት ላይ ወረደ። ተመልሶ ሲጠጋ ሃያ ዘጠኝ።

«ጋሽ ጀይሉ» አለ ረሻድ ከበሩ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ስሌቱ ልክ ነው። ስምዎን መጻፍ ከብዶኝ ነው።»

መርፌው ሠላሳን አለፈ።